አምስተኛ ኦቨርድራይቭ ለምኔ?

“ኢኪው የሚገዛው ቶን የሌለው ጊታሪስት ነው።” ይህን የሚለኝ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እግሩ ሥር አራት ኦቨርድራይቭ የደረደረ ሰው ነው። አምስተኛውን ደግሞ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው እስኪያመጣለት ቀን ይቆጥራል። “ድምፅ ከጣት ነው” እያለ ጀማሪውን የሚያሸማቅቀውም ይኸው ሰው ነው። ከጣት ከሆነ ያ ሁሉ ሳጥን ምን ይሠራል? ጣቱ ደከመው? እሱ ሲገዛ ጥበብ፣ ሌላው ሲገዛ ማጭበርበር! ሰለቸኝ።

እስኪ የሚያመልከውን ፔዳል እንክፈተው። ቲዩብ ስክሪመርን ኢባኔዝ እ.ኤ.አ. በ1979 አወጣው፤ እስከ ዛሬም ያልተቀዳበት አገር የለም። ለምን ተወደደ? ድምፅ ስለሚያሻክር? የሚያሻክር ፔዳል ሞልቷል። ይህኛው ግን ከሥር ያለውን ጎርናና ድምፅ ይሸርፋል፣ ከላይ ያለውን ያለዝባል፣ ከ700 ኸርዝ ጀምሮ ያለውን መሃል ወደ ፊት ይገፋል። ይህ ኢኪው ካልሆነ ምንድን ነው? ልዩነቱ ፋብሪካው አንዴ ወስኖ፣ አንዲት የቶን ቁልፍ ትቶልህ፣ ቀሪውን ቆልፎ የሸጠልህ መሆኑ ነው። ወንድሜ፣ ኢኪውን የናቅህ መስሎህ አራት ኢኪው ገዝተሃል። አራቱንም ማስተካከል አትችልም።

መዘዙን ደግሞ መድረክ ላይ ታዩታላችሁ። ናይት ክለብ ነው። ኪቦርዱ በሁለት እጅ ሜዳውን ሞልቶታል። ሳክስፎን አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራመሩ አልተቆጠበም። የጊታር ሶሎ ደረሰ፤ ጣቶቹ ሲሮጡ እናያለን፣ የሚሰማ ግን የለም። ሰውየው ምን ያደርጋል? አምፑን ይጨምራል። ኪቦርዱም ይጨምራል። ድራመሩ ይብስበታል። ዘፋኟ ትጮኻለች። ጨው ላነሰው ወጥ በርበሬ መጨመር ይሉሃል ይህ ነው። በማግስቱ ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ “ሳውንድማኑ ገደለኝ” ይላል።

ማንም አልገደለህም። የቤዙ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው፣ ያንተው ወፍራም ክር 82 ላይ። ከ100 በታች የምትልከው ሁሉ ከቤዙና ከከበሮው ጋር ከመጋፋት ሌላ ፋይዳ የለውም። በላይኛው በኩልም የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ካለፈ በኋላ በፍጥነት ይወድቃል፤ እዚያ ያለው የሲምባል ግዛት ነው። ታዲያ ላንተ ምን ተረፈ? መሃሉ። መሃሉን ደግሞ ራስህ ቆፍረህ አውጥተኸዋል!

አዎ፣ ያችን ፈገግታ ነው የምለው። ዳርና ዳሩ ወደ ላይ፣ መሃሉ ወደ ታች። መኝታ ቤት ውስጥ ታምራለች፣ አልክድም። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ጊዜ ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ጎረቤት እንዳይቆጣ ድምፅ ቀንሰህ ያሳመርከው ቶን፣ መድረክ ላይ ሲጮኽ ከሥሩ ጉርምርምታ ከላዩ ፉጨት ይሆናል። ዜማው የት ገባ? የእኛ ሙዚቃ ደግሞ በዚህ ይቅርታ አያውቅም። ባቲ ወይም አንቺሆዬ ላይ ነጠላ መስመር እየለቀመች ለዘፋኙ የምትመልስ ጊታር መሃል ከሌላት ምን አላት?

እሺ፣ የትኛውን እንግዛ? ሻጩ “አሥር ባንድ ከሰባት ይሻላል” ይላችኋል። በቁጥር ልክ ነው። የኤምኤክስአርን አሥር ባንድ እዩት፤ ከ31 ኸርዝ ይነሣና 16,000 ይደርሳል። በመደበኛ ቅኝት ለሚጫወት ጊታር 31 ላይ ምን አለ? 16,000 ላይስ? ሽሽታ! ቤዝ የሚጫወት ይግዛው፤ ሌላው ለጌጥ ነው የሚከፍለው። የዚያው ኩባንያ ስድስት ባንድ ከ100 እስከ 3,200 ይሄዳል፤ ጊታር የሚኖርበት ሰፈር ይኸው ነው። ነገር ግን ለብቻው የድምፅ መጠን ማንሻ የለውም። እኔ የቦስን ጂኢ-7 የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ሰባት ባንድ፣ ከጎኑ አንድ የሌቭል ስላይደር፣ ስፋቱ 73 ሚሊ ሜትር። ከኦቨርድራይቩ በኋላ አድርገው፣ 800ን በመጠኑ አንሣ፣ ሌቭሉን ጥቂት ጨምር፣ ሶሎ ሲደርስ ርገጠው። በቃ። ከኦቨርድራይቩ በፊት ካደረግኸው ደግሞ የሚለወጠው የሻካራነቱ ጠባይ ነው፤ ያም ጥሩ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሜሞሪ ያለው ዲጂታሉ? በአንድ ምሽት ሦስት ጊታር ለሚቀያይር ሰው ይሁንለት።

ጂኢ-7 ሽሽታ አለው፣ አውቃለሁ። ማን 6,400ን እስከ ጫፍ አንሣ አለህ? 15 ዴሲቤል ማለት የሲግናሉን ቮልቴጅ ከአምስት እጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። የማትፈልገውን ቀንስ እንጂ ሁሉንም አትስቀል። (የኪቦርድ አዳፕተርም አትሰካበት። ቦስ 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጋቲቭ ነው የሚፈልገው።)

አሁንም “ኢኪው የደካማ ነው” የሚል አለ? የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር እኮ ይህንኑ ጂኢ-7 ፔዳሎቹ መካከል ደርድሮት ነበር፤ ያውም ከአንድ በላይ። ሂድና ቶን የለህም በለው! አንተ የምትመስጥበት ካሴትና ሲዲም ቢሆን፣ ሚክሰሩ ላይ የጊታሩ መስመር በኢኪው ሳይነካካ ጆሮህ የደረሰ ይመስልሃል?

ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ልምምድ ላይ ሞክራችሁት ሠርቶላችኋል፤ “ምን ይሉኛል” ብላችሁ ለመድረክ ነቅላችሁታል። የሚስቀው ጓደኛችሁ ግን ጊታሩ ጎልቶ በተሰማበት ምሽት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሳውንድማኑ ሚክሰሩ ላይ 200ን ቀንሶ ከ1,000 ኸርዝ በታች ያለውን መሃል አነሣለት። እሱ “ዛሬ አምፔ ጉድ ነበር” እያለ ኬብሉን ጠቀለለ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳይለው ሄደ።