ከመጨፍለቃችሁ በፊት ጀርባዋን እዩ

ገበሬ ወንድሞቼና እኅቶቼ! እዚህ ገነተ ማርያም የማሽላችሁን ቅጠል ገልብጣችሁ ስታዩ፣ በክሽክሹ መሐል ነጠብጣብ ያላት ክብ ጥንዚዛ ብታገኙ አትጨፍልቋት። ክሽክሹን የምትበላው እሷ ናት። ልጇማ ትብሳለች፤ እስክታድግ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ትጨርሳለች። ጠቆር፣ ረዘም ያለች፣ ክንፍ የሌላት ናት። መልኳ ያስፈራል፣ እውነት ነው፤ ግን ተባይ አይደለችም።

ታዲያ ነጠብጣብ ያለው ሁሉ ወዳጅ እንዳይመስላችሁ! በዓለም ካሉት ከ6,000 በላይ ዘመዶቿ አንዷ፣ ምሁራን ኤፒላክና የሚሏት፣ በአገራችን የጤፍና የገብስ ቅጠል ትፍቃለች። እንዴት እንለያት? የወዳጃችን ጀርባ እንደ ተወለወለ ያበራል። የኤፒላክና ግን ደቃቅ ጠጕር ስለ ሸፈነው አያበራም፤ ልጇም ቢጫ፣ እሾሃም ናት።

መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ እላለሁ። መርዙ ጥንዚዛዋንም ይገድላል፤ ክሽክሽ ግን ያለ ወንድ ስለምትወልድ ቶሎ ትመለሳለች።