በቤት ተቀምጠው የሚሠሩትም ሥራ ነው

«ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተቀመጠች ይነጋል። ምን እየሠራሽ ነው ስላት፣ ለድረ ገጽ እጽፋለሁ፤ ጽሑፉ ተፈልጎ እንዲገኝም አደርጋለሁ ትለኛለች። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሥራ አለ?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ ዛሬ በከተማ በብዙ ቤት ይነሣል። ጠያቂዋ አንዳንድ ጊዜ እናት ናት። አንዳንድ ጊዜም ልጅ ወልዳ ቤት የዋለችና ከልጇ ሳትለይ ገቢ የምታገኝበትን መንገድ የምታፈላልግ ወጣት ሠራተኛ ናት። መልሱ አጭር ነው። አዎን፣ እንዲህ ያለ ሥራ አለ። ሆኖም እንደ ማንኛውም ሙያ የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሒሳብ አለው። ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ ከመነሻው እንጀምር። ጦማር ማለት አንድ ሰው ስለሚያውቀው ጉዳይ በየጊዜው እየጻፈ በኢንተርኔት የሚያወጣበት ገጽ ነው። «ዌብሎግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ በ1999 አጥሮ «ብሎግ» ተባለ። በዚያው በ1999 «ብሎገር» የተባለው አገልግሎት ተጀመረ። ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ሜግ ሆሪሃን የተባለች አሜሪካዊት ናት። እንዲህ ባሉ አገልግሎቶች አማካይነት የኮምፒውተር ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሁሉ የራሱን ጽሑፍ ለማውጣት ቻለ።

ከጦማር ጋር የሚሄደው ሌላው ሙያ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኤስኢኦ» ይባላል። በአማርኛ ገጽን ለፍለጋ ማመቻቸት ልንለው እንችላለን። በመርካቶ ጓሮ መንገድ ጥሩ ዕቃ የያዘ ሱቅ ቢኖር፣ መንገዱን የሚያመለክት ካልተገኘ ገዢ አይደርስበትም። በኢንተርኔትም እንደዚሁ ነው። መንገድ አመልካቹ እንደ ጉግል ያለው የፍለጋ መሣሪያ ነው። ጉግልን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋሙት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። መነሻ ሐሳባቸው ቀላል ነበር። አንድ የጥናት ጽሑፍ በሌሎች ምሁራን በተጠቀሰ ቁጥር ክብደቱ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ሌሎች ገጾች የሚያመለክቱት ገጽም ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋል የሚል ነው።

የፍለጋ መሣሪያው ሥራውን በ3 ደረጃ ያከናውናል። በመጀመሪያ ገጾችን እየዞረ ያነባል። ቀጥሎም ያነበበውን በመዝገቡ ያሰፍራል። በመጨረሻም አንድ ሰው ጥያቄ ሲያቀርብ ከመዝገቡ ውስጥ ይስማማል ያለውን መርጦ በተራ ይደረድራል። እንግዲህ የባለሙያዋ ተግባር ገጹ በቀላሉ እንዲነበብ፣ ርእሱ የያዘውን ነገር በትክክል እንዲናገርና ጽሑፉም የጠያቂውን ችግር እንዲፈታ ማድረግ ነው።

ጥያቄውን በጠያቂው ቃል

በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት ሰው በምን ቃል እንደሚጠይቅ ማወቅ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «የአጣዳፊ ተቅማጥ በሽታ መከላከያ ዘዴዎች» ብሎ ጥሩ ጽሑፍ ያወጣ ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት ልጇ የታመመባት እናት በስልኳ የምትጽፈው «ልጄ ተቅማጥ ይዞታል ምን ላድርግ» ብላ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ጸሐፊዋ የእናቲቱን አነጋገር ስታውቅ ነው። በዚህ ረገድ ቤተሰብ ያስተዳደረች፣ ከጎረቤት ጋር የኖረች፣ በገበያ የተከራከረች ሴት ቀላል የማይባል ዕውቀት ይዛ ትነሣለች።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በድምፅ አንድ የሆኑ ፊደሎች ስላሉን አንዱን ቃል በልዩ ልዩ ዓይነት እንጽፈዋለን። «ሕፃን» የሚለውን ብቻ ብንወስድ «ህጻን»፣ «ህፃን» እና «ሕጻን» እየተባለም ይጻፋል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓሣ» እና «አሳ» እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሰውም አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ስለዚህ ጸሐፊዋ የፍለጋ መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ቃሉን ስትጀምር የሚመጡትን ጥቆማዎች ተመልክታ፣ ሕዝቡ የሚያዘወትረውን አጻጻፍ ለርእስ ብትመርጥ ትጠቀማለች። ይህን ከሌላ አገር የመጣ የመማሪያ መጽሐፍ አያስተምራትም። ቋንቋውን በማወቅና በመከታተል የሚገኝ ነው።

ጥሩ ጽሑፍ ሳይዙ በብልጠት ብቻ ከፊት ለመሰለፍ መሞከር ግን አያዛልቅም። ቀደም ሲል አንዱን ቃል መቶ ጊዜ የሚደጋግሙ፣ የሌሎችን ገጾች ጥቆማ በገንዘብ የሚገዙ ነበሩ። ጉግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ፍሬ ቢስ ገጾችን፣ በሚያዝያ 2012 ደግሞ እንዲህ ያሉትን ማታለያዎች ወደ ኋላ የሚጥል ለውጥ አደረገ። በመጋቢት 2024ም፣ በመኪና ይሁን በሰው እጅ፣ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የሚመረቱ ገጾችን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ዛሬ ኮምፒውተር ራሱ ጽሑፍ ይጽፋል፤ የፍለጋ መሣሪያውም አንዳንድ ጊዜ መልሱን ከላይ አዘጋጅቶ ስለሚያቀርብ አንባቢው ወደ ገጹ ሳይገባ ይቀራል። በመሆኑም ዋጋ የሚኖረው ከሌላ ተገልብጦ የተጻፈው አይደለም፤ ጸሐፊዋ በእጇ ሠርታ፣ በዓይኗ አይታ፣ ባለሙያ ጠይቃ የጻፈችው ነው። በተለይ ጤናን በሚመለከት፣ ያልተማሩበትን ምክር ከመስጠት አንባቢዋን ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ይገባል።

ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራት

ከዚህ ሙያ ገቢ የሚገኝባቸው መንገዶች በጥቅሉ 3 ናቸው። አንደኛው ለድርጅቶች በጽሑፍ ብዛት ወይም በወር ተዋውሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው በራስ ጦማር ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ነው። ሦስተኛው የራስን ንግድ ማስተዋወቅ ሲሆን፣ ለብዙዎቻችን የሚቀርበው ይኸኛው ይመስለናል። ለምሳሌ የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፋ እናት የቀሚሱን ዓይነት፣ የሚፈጀውን ቀን፣ ዋጋውንና ሱቋ ያለበትን ሠፈር በግልጽ ጽፋ ብታወጣ፣ ከፈላጊዋ ጋር ትገናኛለች። ሱቅን በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብም ገንዘብ አይጠይቅም።

በማናቸውም መንገድ ግን ችኮላ አይጠቅምም። በዚህ ሙያ ለውጥ ለማየት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ ጉግል ራሱ ይናገራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይና የልጅ ወተት እንደማይጠብቁ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደመወዝ ያላት እኅት አዲሱን ሥራ በትርፍ ሰዓቷ ሞክራ፣ ገቢው ለወራት ሳይቋረጥ መምጣቱን ሳታይ የያዘችውን ሥራ እንዳትለቅ እንመክራለን።

የጉልበት ዋጋም ይቆጠር። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት ጸሐፊ አንድ ጽሑፍ በ600 ብር ተዋውላ ለጥናቱ፣ ለመጻፉና ለእርማቱ 12 ሰዓት ብታጠፋ፣ የአንድ ሰዓት ድካሟ 50 ብር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የኢንተርኔቱና የመብራቱ ወጪ ይቀነሳል። ሰዓቷን በደብተር ያልመዘገበች ሴት በአንድ ጽሑፍ 600 ብር አገኘሁ ብላ ትደሰታለች እንጂ፣ ድካሟ ምን ያህል እንደ ተከፈለ አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በቅጥር ውል ለምትሠራ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በጽሑፍ ብዛት እየተከፈላት በራሷ የምትሠራ ሴት ግን እነዚህ የሏትም። በወለደች ሰሞን ካልጻፈች አይከፈላትም። ስለዚህ ከአንድ ድርጅት ጋር ዘወትር የምትሠሩ ከሆነ «ቤት ነሽ» ተብላችሁ በቃል ብቻ አትስማሙ፤ የቅጥር ውል ጠይቁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ዋጋውን ስትነጋገሩ የወሊዱንም የእርጅናውንም ጊዜ አስባችሁ ተነጋገሩ፤ ከምታገኙትም ጥቂቱን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ቤተሰቡስ?

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ከሥራ የማይቆጠር ለመሆኑ እኛ ሴቶች የቆየ ልምድ አለን። ከዚህ ላይ ኮምፒውተር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። «ከቤት አይደለሽ፤ ወጡን እያየሽ ጻፊው» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እርሷው ናት፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመልሰው ሲጠፋ የምትላከውም እርሷ ናት። በዚህ የተነሣ እውነተኛው ሥራዋ የሚጀመረው ቤተሰቡ ሲተኛ ይሆናል። መግቢያችን ላይ የተጠቀሰችው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ የምታነጋው ምናልባት ቀኑን ሙሉ ለራሷ ሰዓት አጥታ ነው።

ስለዚህ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ሊነጋገሩ ይገባል። ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት የጽሑፍ ሰዓት ነው ከተባለ፣ በዚያ ሰዓት እናቲቱ መሥሪያ ቤት እንዳለች ትቆጠር። ወጡን ሌላው ይመልከት፤ ሕፃኑን አባት ወይም አያት ይያዝ። ጠረጴዛው ትንሽም ቢሆን የተለየ ይሁን። ሰዓቱ ሲያበቃም ኮምፒውተሩ ይዘጋ፤ እንቅልፍ ያጣች እናት ለጽሑፉም ለልጁም አትሆንም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ሄዘር አርምስትሮንግ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2001 ጦማር ጀመረች። በ2002 ስለ መሥሪያ ቤቷ በመጻፏ ከሥራ ተባረረች። በኋላ ግን ስለ እናትነትና ከወሊድ በኋላ ስለ ደረሰባት የመንፈስ ጭንቀት በግልጽ በመጻፏ ብዙ እናቶች «ብቻዬን አይደለሁም» እንዲሉ አደረገች፤ በማስታወቂያ ገቢም ቤተሰቧን አስተዳደረች። በ2015 ከዘወትር ጽሑፏ ገለል አለች፤ በ2023ም በ47 ዓመቷ አረፈች። የእርሷን ፈለግ ተከትለው የቤታቸውን ኑሮ ለዓለም ማሳየትን መተዳደሪያ ያደረጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ከዚህም የተነሣ «የልጁስ ፈቃድ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። የአሜሪካዋ የኢሊኖይ ግዛት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ፣ ልጆቻቸውን በቪዲዮ እያሳዩ ገቢ የሚያገኙ ወላጆች ለልጁ ድርሻውን እንዲያስቀምጡለት የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሕጉ የልጁም ድካም ሥራ ነው ማለቱ ነው። እኛም ልጃችን ስለታመመው፣ ስለወደቀው ፈተናና ስለ ጸባዩ በስሙና በፎቶግራፉ ከማውጣታችን በፊት፣ አድጎ ሲያነበው ምን ይለናል ብለን ብንጠይቅ ይበጃል። ምክሩን መጻፍ ይቻላል፤ የልጁን ስምና ፊት መተው ግን ምክሩን አያጎድለውም።

እንዳትታለሉ

ሥራ ፈላጊ በበዛበት ሁሉ አታላይም አይጠፋም። ሥራ ለመስጠት አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሌሎች ሰዎች ካመጣችሁ ትከፈላላችሁ የሚል፣ የባንክ የምሥጢር ቁጥራችሁን የሚፈልግ ሰው አሠሪ አይደለም። «ገጻችሁን በእርግጠኝነት አንደኛ አደርገዋለሁ» የሚልም አትመኑ፤ ይህን ማረጋገጥ የሚችል ማንም እንደሌለ ጉግል ራሱ ያስጠነቅቃል። ከውጭ አገር አሠሪ ጋር ስትዋዋሉ፣ ክፍያው በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ ከባንካችሁ ጠይቃችሁ ሥራውን ጀምሩ። የመጀመሪያው አነስተኛ ሥራ ሳይከፈል ሁለተኛውን አታስረክቡ።

በመጨረሻም ለእናቶች የምንለው ይህ ነው። ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ «ጊዜዋን ታባክናለች» ብላችሁ አትቆጡ፤ «ገንዘብ ሊዘንብላት ነው» ብላችሁም አትቸኩሉ። ምን እንደምትጽፍ፣ ለማን እንደምትጽፍ፣ በሰዓት ስንት እንደሚደርሳት ጠይቋት። ሠርታ የምታሳያችሁ ከሆነ ሰዓቷን አክብሩላት። እናንተም ራሳችሁ ሙያው ቢኖራችሁ፣ ስለ እንጀራ አጋገር ይሁን ስለ ልብስ ስፌት፣ በአማርኛ በጥንቃቄ ብትጽፉት ፈላጊ አለው። ዘንድሮ አንድ ጽሑፍ በሳምንት መጻፍ የጀመረች እናት በዓመቱ 52 ጽሑፍ ይኖራታል። ይህም በአንድ ቀን የሚገኝ ሀብት ባይሆንም፣ የራሷ የእጅ ሥራ ነው።