የሞቀ ሞተር አትግዙ

የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ በፈቃድ ከወሰነ ወዲህ ገዥ ሁሉ ወረቀት መመርመርን ተምሯል። ሞተሩን በእጁ ዳስሶ «ስለ ምን ሞቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በዚህ ነገር ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ ያገባኝ በአጎቴ ልጅ በኩል ነው።

ይህ ወንድሜ የዕቁብ ገንዘቡን ይዞ ለረጅም መንገድ የሚሆን፥ በውሃ የሚቀዘቅዝ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ ወጣ። ሻጩ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩ ለብ ብሎ ቆየው፤ ቁልፉ ሲነካም ወዲያው ተነሣ። በሜዳው ላይ አንድ ዙር ነድቶ ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠ። በሳምንቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዝ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በደኅና ወረደ። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ውሃው ፈላ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። ሞተር ብስክሌቱ በጭነት መኪና ተመለሰ፤ ዕቁቡ ግን አልተመለሰም።

ሻጩን ብቻ አልወቅስም። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር እንደሚደብቅ ማወቅ የገዥ ፈንታ ነው። የተበላ ፒስተን ሲቀዘቅዝ ያንኳኳል፤ ሲሞቅ ሰፍቶ ዝም ይላል። በቫልቮቹ በኩል ዘይት የሚያሳልፍ ሞተርም ሰማያዊ ጢሱን አጉልቶ የሚያሳየው ገና ሲነሣ ነው። የጉለሌ የጠዋት ብርድ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል መካኒክ ነውና እንጠቀምበት፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀን «ነገ በማለዳ እመለሳለሁ» እንበል።

ከብርዱ ቀጥሎ ዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የሜዳ ዙር የማይናገረውን ይናገራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ስለምንኖር አየራችን በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፥ ነጂውም በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ ያበዛል፥ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስደው አየርም ያንሳል። ከዚህም በላይ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በእኛ ሰፈር በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን የሚከለክለው በራዲያተሩ ውስጥ ግፊት አምቆ የሚይዘው ክዳን ነው፤ ክዳኑ ከላላ ዳገቱ ያጋልጠዋል።

ዳሩ ግን ሙቀት በራሱ በሽታ አይደለም። ዳገቱን ጨርሶ ሲቆም ቬንትሌተሩ ተነሥቶ ሙቀቱን ካወረደው ጤነኛ ነው። የማይወርድ ከሆነ ግን መተው ነው። በማግሥቱም ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ (የጋለ ራዲያተር የከፈተ ፊቱን ይቃጠላልና) ክዳኑን ከፍቶ ውሃው መጉደሉን፥ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና መምሰሉን ማየት ያሻል።

«ሰውን እንዲህ መፈተን ነውር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ነውሩ መጠየቁ ሳይሆን ጥያቄ እንዳይመጣ አሙቆ መጠበቁ ነው እላለሁ። እውነተኛ ሻጭም ከምርመራ ይጠቀማል፤ ምርመራ ከሌለ የእርሱ ደኅና ሞተርና የአታላዩ ሞተር በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ወንድሜን ያከሰረው ይሉኝታው ነው፤ ሞተሩ ለብ ማለቱን እጁ ዐውቆ ነበር፥ አፉ ግን ዝም አለ።