መጀመሪያ ውሃ የማይለቀውን አረንጓዴ

ፋውንቴን ፔን የያዘ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሰማያዊና ጥቁር ይሰለቸውና ዓይኑ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ደግ አደረገ እላለሁ። አረንጓዴ ዓይን ያሳርፋል፤ እንደ ቀይ አይቆጣም፤ ከታተመ ጽሑፍ ጎን ሲሰፍር የሰው እጅ የጻፈው መሆኑ ወዲያው ይለያል። የእንግሊዝ የውጭ ስለላ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1909 ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ የነበሩት ማንስፊልድ ካሚንግ በአረንጓዴ ቀለም እየጻፉ «ሲ» ብለው ይፈርሙ ነበር። በእግራቸው የተተኩት ኃላፊዎችም ልማዱን ይዘው ቀጥለዋል። በእኛም የብራና መጻሕፍት ጽሑፉ ጥቁርና ቀይ ይሁን እንጂ በሐረጉና በሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ቦታ አለው።

ይህን የምጽፈው አረንጓዴ ላማራቸው፣ ግን ገንዘባቸው ለተቆጠረ ሰዎች ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ አንድ ብልቃጥ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ብልጭልጩን ለጊዜው ይተወውና ውሃ የማይለቀውን ጥቁር አረንጓዴ ይግዛ።

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ብልጭልጩ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ ወገን ስመ ጥሩው፣ እ.ኤ.አ. ከ1670 ጀምሮ ታሪኩን የሚቆጥረው የፈረንሳዩ ዤ. ኤርባን የሚሠራው «ኤመራልድ ኦቭ ቺቮር» ነው። ስሙን ያገኘው ኮሎምቢያ ውስጥ ካለው የቺቮር የከበረ ድንጋይ ማውጫ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ የወርቅ ብናኝ ተነስንሶበታል፤ ቀለሙ በዛ ብሎ በተኛበት ቦታ ደግሞ ቀይ ነጸብራቅ ይሰጣል። ውብ ነው። ዋጋው የከበደው ሰው የሊቨርፑሉን የዳያሚንን «ሺመርታስቲክ» ቀለሞች ማየት ይችላል፤ «ማጂካል ፎረስት» እና «ጎልደን ኦአሲስ» ከዚያ ወገን የሆኑ አረንጓዴዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም ከፈረንሳዩ ይቀላል።

ብልጭልጩ ግን ቀለሙ ውስጥ የሟሟ ነገር አይደለም። ሚካ ከሚባለው ማዕድን የተፈጨ ስስ ቅንጣት ስለሆነ ብልቃጡ ሲቀመጥ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ብልቃጡን መነቅነቅ፣ ለመጻፍ በተነሣችሁ ቁጥርም ብዕሩን በጣቶቻችሁ መካከል ማንከባለል ይኖርባችኋል። በቀጭን ጫፍ ውስጥ እንደ ልቡ አያልፍም፤ ወይ መንገዱን ይደፍናል፣ ወይ ከቀለሙ ተለይቶ ውስጥ ይቀራል። ሰፊ ጫፍ ያለውና ቀለም በብዛት የሚለቅ ብዕር የሚመከረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይመጣል፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። የላቲን ፊደል ሰፊ ጫፍ ይችላል። የእኛን «ሚ» ከ«ሜ»፣ «ቀ»ን ከ«ቁ» የሚለየው ግን አንዲት ጭረት ወይም አንዲት ቀለበት ናት። በሰፊ ጫፍና በብዙ ቀለም ሲጻፍ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ «ጨ» እና ዘሮቿማ ጭራሽ አይለዩም። ፊደሉን አተልቆ መጻፍ ይቻላል፤ የሠርግ ጥሪ ወይም የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ላይ እንዲያውም ያምራል። የዕለት ማስታወሻ ግን በዚያ መጠን አይጻፍም። በቀጭን ጫፍ፣ በተቀራረበ መስመር፣ ብዙ ሐሳብ በጥቂት ገጽ ለሚያሰፍር ሰው ብልጭልጭ ቀለም የሥራ ጓደኛ አይሆንም። ወረቀቱም አለ። ቀዩ ነጸብራቅ የሚታየው ቀለም ቶሎ በማይጠጣ ልስልስ ወረቀት ላይ ነው። ተራው ደብተር ይጠጣዋል፤ ገንዘብ የከፈላችሁበትም ውበት አብሮ ይሰጥማል።

ወደ ውሃው ልመለስ። ክረምቱ በሚበረታበት አገር ቦርሳ ይርሳል፣ ጣሪያ ያፈሳል፤ ቡና ደግሞ በሁሉም ወቅት ይደፋል። አብዛኛው የብዕር ቀለም ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ወረቀት ላይ ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲያገኘው ተመልሶ ይሟሟል። የፔሊካን 4001 አረንጓዴ ርካሽና ለብዕር የማያስቸግር ቀለም ነው፤ የዳያሚን «ሸርውድ ግሪን» ደግሞ በ30 ሚሊ ሊትር ትንሽ ብልቃጥ የሚገኝ ደስ የሚል ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሁለቱም ግን ለዝናብ የሚሆኑ አይደሉም። አረንጓዴ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊና ቢጫ ማቅለሚያ ተቀላቅሎ ስለሚሠራ ውሃ ሲነካው ሁለቱ እኩል አይሄዱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ገጹ ላይ የተዥጎረጎረ እድፍ ይቀራል።

ውሃ የሚችሉት ቀለሞች መንገዳቸው የተለያየ ነው። አንደኛው ወገን በውሃ የማይሟሟ ደቃቅ ቅንጣት ይዞ የወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ይሰነቅረዋል። የጀርመኑ ዴ አትራሜንቲስ «ዶክዩመንት» ብሎ የሚሸጣቸው ቀለሞች እንዲህ ናቸው፤ አረንጓዴም አላቸው። ጸሐፍት አባቶቻችን ከጥላሸት ያዘጋጁት የነበረው ጥቁር ቀለም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ለዚህም ነው ብራናው ላይ ስንት መቶ ዓመት ሳይደበዝዝ የቆየው። ሌላው ወገን ከወረቀቱ ሴሉሎስ ጋር ይጣበቃል። የአሜሪካው ኖድለርስ በዚህ ይታወቃል፤ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘውን ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልቶ ስለሚሸጥ በዋጋም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁሉም የኖድለርስ ቀለም ውሃ አይችልም፤ ከመግዛታችሁ በፊት «ቡሌትፕሩፍ» የተባለ መሆኑን አረጋግጡ። ከሸሚዝ ጥጥም ጋር እንደዚያው ስለሚጣበቅ ሲሞሉ መጠንቀቅ ነው።

እኔ የማደላው ለሦስተኛው ወገን ነው፤ ብረትና ታኒን ተዋሕደው ለሚሠሩት ቀለም። የጃፓኑ ፕላቲነም እ.ኤ.አ. በ2017 ካወጣቸው «ክላሲክ ኢንክ» መካከል «ፎረስት ብላክ» የሚባለው በ60 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይሸጣል። ስትጽፉ ግልጽ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው ብረቱ እየጠቆረ ሄዶ የጥድ ቅጠል መልክ ይይዛል። ውሃ ቢፈስበት የላዩ አረንጓዴ ሊታጠብ ይችላል፤ ጥቁሩ መስመር ግን ይቀራል፣ ይነበባልም። በተራ ደብተር ላይም ብዙ አይሰራጭም። በቀጭን ጫፍ ያለ ችግር ይጽፋል። እንክብካቤ ግን ይፈልጋል። አሲድነት ስላለው ብዕር ውስጥ እንዲደርቅ መተው አይገባም፤ ሁለት ሦስቴ ከሞላችሁ በኋላ ብዕሩን በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ከሌላ ቀለም ጋርም አትቀላቅሉት።

ስለ ዋጋ ስናወራ የብልቃጡን ሳይሆን የሚሊ ሊትሩን ዋጋ እናስላ። የብዕር ቀለም መሳቢያ በአማካይ 1 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 60 ሚሊ ሊትር ከ60 ጊዜ በላይ ይሞላል፤ ብዙ ለማይጽፍ ሰው የዓመታት ቀለም ነው። ለሁለት ለሦስት ተካፍሎ መግዛትም ያዋጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢያደርገው ይሻላል። ብልጭልጩ ከልብ ካልወጣ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ናሙና የሚሸጡ ሱቆች ስላሉ ከእነሱ ማስመጣት ይቻላል፤ ለበዓል ካርድ እሱ ይበቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ውሃ ይችላል ተብሎ ለሠዓሊዎች የሚሸጠውን ሼላክ ያለበትን ቀለም ፋውንቴን ፔን ውስጥ አትጨምሩ፤ ሲደርቅ ብዕሩን ይገድለዋል። የማኅተም ቀለምም እንዲሁ አይገባም።

ጓደኛችሁ ዘንድ ወይም ሱቅ ውስጥ ሌላ አረንጓዴ ካገኛችሁ የእናንተው ደብተር ቅጠል ላይ አንድ መስመር ጻፉበት፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት ቆይታችሁ በጨርቅ ጠረግ አድርጉት። መስመሩ የሚነበብ ከሆነ ግዙት።