ፊርማው ተገኝቷል፤ ተማሪው የት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግል ኮሌጅ ለማታ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ቢዝነስ ሎው አስተምር ነበር። ዋናው ሥራዬ ጥብቅና ነው፤ ማስተማሩ በሰዓት የሚከፈልበት ተጨማሪ እንጀራ ነው። አንድ ምሽት ስለ ውል አጻጻፍ የሚያወሳው ክፍል ላይ ደረስን። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727ንና 1728ን ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ በጽሑፍ እንዲደረግ ሕግ የሚያስገድደው ውል የተዋዋዮቹንና የሁለት ምስክሮችን ፊርማ እንደሚሻ፣ ፊርማውም በተዋዋዩ በራሱ እጅ መደረግ እንዳለበት፣ መጻፍ የማይችል ደግሞ የጣት አሻራውን እንደሚያኖር በሰፊው አስረዳሁ።

ይህን ሁሉ ስናገር የአቴንዳንስ ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ይዞር ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ተቀብዬ አየሁት። 41 ፊርማ አለበት። ቀና ብዬ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጠርኩ። 27 ነው። ስለ ፊርማ ባስተማርኩበት ምሽት 14 ሰዎች በሌሉበት ፈርመዋል ማለት ነው! ስም መጥራት ነበረብኝ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሁሉም ለታክሲ ሰልፍ ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ። ከግርጌው ፈርሜ አስረከብኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሻይ ቤት ወግ ሆኖ ይቀር ነበር። አላበቃም።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ትምህርት ክፍሉ ከ80 በመቶ በታች የተገኙ ተማሪዎችን ዝርዝር አውጥቶ እንድፈርም ላከልኝ። እነዚህ ተማሪዎች ለፈተና አይቀመጡም። ሦስት ስም ነበረበት፤ አንደኛው ከፊት ወንበር የማትጠፋ፣ ጥያቄ የማታቆም ልጅ ስም ነው። ቀን በአንድ ሱቅ ካሸር ናት። ከ32 ክፍለ ጊዜ 8 ቀርታለች። ማንም አልፈረመላትም፤ ፈርሙልኝም አላለችም። ደንብ ነውና ፈረምኩ።

በማግስቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ደብተሯን ገልጣ የእያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ቀን አሳየችኝ። «መምህር፣ ስምንት ቀን ቀርቻለሁ፤ አልክድም። ግን ሁለቱ ቅዳሜዎች ናቸው» አለችኝ።

ቅዳሜዎቹ የእኔ ናቸው። በዚያ ሴሚስተር የፍርድ ቤት ቀጠሮ እየደረሰብኝ አራት ምሽቶች ሰርዤ በቅዳሜ ሜክአፕ ተክቻለሁ። ቅዳሜ ለእኔ ይመቸኛል፤ ለካሸር ግን የሳምንቱ ገበያ የሚደራበት ቀን ነው። ተማሪዎቹን «ይመቻችኋል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ማስታወቂያ ለጠፍኩ እንጂ። ሒሳቡን እንሥራው ብትሉ ቀላል ነው። በ80 በመቶ ስሌት ከ32ቱ እስከ 6 መቅረት ይቻላል። ሁለቱ ቅዳሜዎች ባይኖሩ ልጅቷ የቀረችው ልክ 6 ነበር። ከፈተና ያስቀራት የእኔ መቅረት ነው።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄድኩ። «ዝርዝሩ ለሬጅስትራር ተላልፏል፤ እሱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት» ተባልኩ። ይግባኝ የት ይባላል ብዬ ጠየቅሁ። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ልጅቷ ኮርሱን ከፍላ በድጋሚ ወሰደች። ወዳጅ የፈረመላቸው ግን በሰዓቱ ተፈትነው አለፉ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አቴንዳንስ የሚባለው ነገር ከሕሊናዬ አልወጣም። ጉዳዩ የአንድ ኮሌጅ አይደለም። አዋጅ 351/1995ም፣ 650/2001ም፣ አሁን የሚሠራበት 1152/2011ም የከፍተኛ ትምህርትን ጥቅል ሕግ ነው የሚደነግጉት። ስንት ቀን የቀረ ተማሪ ምን ይሆናል የሚለውን ዝርዝር የሚወስነው የየተቋሙ የሴኔት ደንብ ወይም የውስጥ መመሪያ ነው። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም 80 ወይም 85 በመቶ የሚል የተለመደ ነው። ደንቦቹ የተማሪውን መቅረት አስልተው ይቀጣሉ። የመምህሩን መቅረት፣ የመርሐ ግብሩን መለዋወጥ ግን ለአስተዳደሩ መልካም ፈቃድ ይተዋሉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይኼ ነው።

የሕግ ሰው ነኝና ነገሩን በውል ዓይን ልየው። ተማሪ ሲመዘገብ ከኮሌጁ ጋር ይዋዋላል፤ እሱ ይከፍላል፣ ይገኛል፣ ያጠናል፤ ኮሌጁ ያስተምራል። በውል ሕግ የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወገን ሌላውን «ፈጽም» ብሎ የመጠየቅ አፍ የለውም። በዚህም ላይ ማንንም ከመቅጣት በፊት ቃሉን መስማት ሕግ ያልተማረ የሰፈር ሽማግሌ እንኳን የሚያውቀው ወግ ነው። በሽማግሌ ፊት ያልተፈቀደ ነገር በኮሌጅ ውስጥ እንዴት ተፈቀደ?

ይሁንና ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ከፍትሕ ያለፈ ነው። ለመሆኑ የምንቆጥረው ምንድን ነው?

በአብነት ትምህርት ቤት የአቴንዳንስ ወረቀት የለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ይሰማዋል፣ ያርመዋል። ያልመጣ ተማሪ፣ ወይም መጥቶ ሐሳቡ የቀረ ተማሪ፣ በዚያው ያስታውቃል። እዚያ ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል፤ እኛ ዘንድ ኮሌጁ ተማሪ ይቆጥራል። ልዩነቱ ይኼው ነው።

ለዘመናዊው ኮሌጅ እንዲያ ሁን ማለቴ አይደለም። 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንድ በአንድ ማዳመጥ አይቻልም። ነገር ግን ዝምታው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። ብዙ ባልደረቦቼ «የዛሬ ተማሪ አይሳተፍም» እያሉ ያማርራሉ። ተማሪው ዝም ማለትን የተማረው ግን ከእኛው ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። በሳተላይት የሚመጣው መምህር ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። እጁን ያወጣውን ልጅ የሚያየው የለም። በዚያ ያለፈ ትውልድ ዛሬ መምህር ሆኗል፤ እንደተማረው ቢያስተምር ማን ይፈርድበታል?

ቋንቋውም አለ። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። በክፍሌ ውስጥ ስለ ውል መፍረስ በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ሁሉም ደብተሩን ያያል። «አንድ ሰው ቤት ሊሸጥልህ ቀብድ ተቀብሎ ቢክድህስ?» ብዬ በአማርኛ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ፍርድ ቤት ይሆናል። የአጎቱን ጉዳይ የሚያነሣ አለ፣ የሚሟገት አለ፣ ደላላውን የሚረግም አለ። ያ ዝም ያለው ክፍል ነው ይኼ! ለ«ተሳትፎ» 10 ነጥብ የሚሰጥ መምህር አንዳንዴ የሚለካው እንግሊዝኛ የመናገር ድፍረትን ነው።

ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ትምህርቱ ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው መልሱ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ መጥቷል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,632 ናቸው፤ 62.36 በመቶ መሆኑ ነው። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 መካከል ግን ያለፉት 12,422 ብቻ ሆኑ፤ 17.2 በመቶ! እነዚህ ሁሉ ተማሪዎች ለፈተናው የደረሱት ኮርሶቻቸውን ጨርሰው ነው፤ ኮርስ የሚጨረሰው ደግሞ የመገኘት ግዴታን አሟልቶ ነው። በዚያ ሁሉ የአቴንዳንስ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የት ሄደ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብን ነው።

ውጤቱን በመቅረት ብቻ ላሳብብ አልፈልግም። የመሠረተ ትምህርቱ ድክመት፣ የመምህራን እጥረት፣ የቤተ መጻሕፍት ባዶነት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ፈተናው ራሱም አዲስ ፈሊጥ አምጥቷል፤ «ሞዴሉንና ሃንድአውቱን ከቴሌግራም አገኛለሁ፣ ክፍል ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ በዝቷል። ክፍል ገብቶ የሚያገኘው ያንኑ ሃንድአውት የሚያነብለት መምህር ከሆነ ደግሞ ክርክሩን ለመርታት ይቸግራል።

ታዲያ ደንቡ ይነሣ? «ተማሪው ዐዋቂ ነው፤ ቢመጣ ይማራል፣ ባይመጣ በራሱ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የመገኘት ግዴታ ባይኖር አንዳንድ ተቋማት ከክፍያ ደረሰኝ በቀር የሚጠይቁት አይኖርም። ለሠራተኛ ተማሪም ቢሆን ደንቡ ከለላ ነው፤ አለቃውን «ትምህርት አለብኝ፣ ከቀረሁ አልፈተንም» ብሎ ቢሮ ጥሎ የሚወጣው እሱን ይዞ ነው። ይቆይ እላለሁ፤ ግን ይታረም።

አንደኛ፣ መምህሩም ይቆጠር። ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳስተማረ፣ ስንት እንደሰረዘ ተማሪ የሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ከመርሐ ግብር ውጪ የሚሰጥ ሜክአፕ ተማሪዎቹ ካልተስማሙበት በቀር መቅረት ሆኖ አይያዝ። ሁለተኛ፣ ገደቡ ሲቃረብ ተማሪው ይነገረው፤ ከመቀጣቱ በፊትም ይሰማ። ሦስት ሰዎች ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ የሚዞረው ወረቀት ይቅር። በምትኩ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተማሪው በቁራጭ ወረቀት ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መስመር መልስ ጽፎ ይውጣ፤ በፈለገው ቋንቋ ይጻፍ። መምህሩ ሁሉንም ማረም አይጠበቅበትም፤ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቢያይ ማን እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልገባቸውም ያውቃል። ለሌላ ሰው ፊርማ መጫር የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው ማሰብ ግን ያደክማል።

በሰዓት የሚከፈለው መምህር ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አይሠራም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ኮሌጆቹ ይክፈሉ። ከተማሪ ትጋት የሚጠይቅ ተቋም ለትጋት ዋጋ ማውጣት አለበት።

እስከዚያው ግን ያ 41 ፊርማ ያለበት ወረቀት በአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንከን አያወጣለትም፤ ቀኑ አለ፣ ኮርሱ አለ፣ ስሙ ከነፊርማው አለ። ከግርጌው የመምህሩም ፊርማ አለ። እሱን እንኳን ማንም አልፈረመልኝም። በራሴ እጅ የፈረምኩት ነው።