ሴት ደጋፊም ደጋፊ ናት

ይድረስ በመርካቶ ለምትገኙ የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶች



በየቤታችሁ ደጃፍ የቆመው ሰሌዳ የዕለቱን የኳስ ጨዋታ በጠመኔ ጽፎ አላፊ አግዳሚውን ይጋብዛል። ውስጥ ግን አግዳሚ ወንበሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በወንድ ተሞልቷል፤ አንዲት ሴት ብትገባ ዓይን ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ወደ እሷ ይዞራል። ሕግ የከለከላት የለም። የሚያርቃት ለከፋው፣ ስድቡና መቀመጫ ማጣቱ ነው። ይህን ማስተካከል በእናንተ እጅ ስለሆነ ነው የምጽፍላችሁ።

«ሴቶች ኳስ ቢወዱ ኖሮ ይመጡ ነበር» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። በእንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ያቋቋሙት የዲክ ኬር ቡድን በዲሴምበር 1920 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል ውስጥ በጉዲሰን ፓርክ ሲጫወት 53 ሺህ ያህል ተመልካች ገብቷል። በዓመቱ የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ አገደ፤ እገዳው እስኪነሳ 50 ዓመት ገደማ ፈጀ። ፍቅሩ ስለጠፋ አልነበረም ሜዳው ጭር ያለው፤ በሩ ስለተዘጋ ነው። በእኛም አገር የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በ1997 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ወጥተዋል፤ ኢትዮጵያዊቷ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰም በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኝታለች። ለመጫወትና ለመዳኘት የበቃች ሴት ቁጭ ብሎ ለማየት እንዴት ታንሳለች?

«ሲመሽ ለሴት አደጋ ነው» የሚለው ስጋት ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቅዳሜው የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የጉሊት ነጋዴዋ እቃዋን ገና አልሰበሰበችም። ለመሥራት ካመሸች ለመደሰት ማምሸት አይነፈጋትም። «ስድብ የኳስ ወግ ነው» ለሚለውም፣ ተፎካካሪን ማብሸቅ ሌላ፣ የሰው እህት ማዋረድ ሌላ ነው። ያለ ክፍያ የገባን እንደምታስወጡ ሁሉ፣ ለካፊንም የማስወጣት ሥልጣን አላችሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው፦ የሚለክፈውን አስወጡ፣ ደጃፋችሁን አብሩ፣ የሴቶች ጨዋታም ሲኖር አሳዩ። መርካቶን ያቆሙት ሴት ነጋዴዎች ጭምር ናቸው፤ በገዛ ሰፈራቸው እንግዳ መሆናቸው ሕሊናችሁን ሊቆረቁረው ይገባል።