የጎንደር ቤንዚን፦ ከቁጥሩ ይልቅ የመጣበት መንገድ ይጠየቅ

ጎንደር ውስጥ መኪና ያለው ሰው ጋራዥ በገባ ቁጥር ከሚሰማቸው ክርክሮች አንዱ የቤንዚን ክርክር ነው። አንዱ «ይቺ መኪና 95 ካልሆነ አትሄድም» ይላል። ሌላው ከመለዋወጫ ሱቅ ኦክቴን ይጨምራል የተባለ ፈሳሽ ገዝቶ እንዲጨመር ይመክራል። ሦስተኛው የእገሌ ማደያ ቤንዚን ከእገሌ «ይበረታል» ብሎ ይምላል። ከወር ገቢው ላይ ቆጥቦ አንዲት ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ የገዛ አባወራ እነዚህን ሁሉ ሰምቶ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጠየቅበት ቦታ ግን ተሳስቷል።

የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የነዳጅ ዋጋ ሲያስታውቅ ዝርዝሩን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ይህን ይረዳል። ቤንዚን፣ ነጭ ናፍጣ፣ ኬሮሲን፣ ቀላልና ከባድ ጥቁር ናፍጣ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ ይላል። ቤንዚን አንድ መስመር፣ አንድ ዋጋ ነው። ናይሮቢ ወይም ዱባይ ያለ አሽከርካሪ ማደያ ገብቶ «መደበኛውን ልቅዳ ወይስ ፕሪሚየሙን» ብሎ ያስባል። ጎንደር ያለው «ዛሬ ቤንዚን አለ ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የማደያዎቹ ሰሌዳም ብዙ አይለውጥም። ነዳጁን ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው መንግሥታዊው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ኖክ ይሁን ቶታል፣ ኦላ ይሁን የተባበሩት፣ ቦቴዎቻቸው የሚጭኑት በጅቡቲ በኩል የገባውን ያንኑ ነዳጅ ነው።

እንግዲህ ምርጫ የለም ማለት ነው? አለ። ግን ምርጫው በ91 እና በ95 መካከል አይደለም። በማደያው ቧንቧ እና በመንገድ ዳር ሃይላንድ መካከል ነው። የጎንደርን ቤተሰብ መኪና የሚያሳምመውም የሚያድነውም ይኸኛው ምርጫ ነው።

▪ ቁጥሩ ምን ይላል?

በመጀመሪያ የኦክቴኑን ፍርሃት ማቃለል ይገባል። በሲሊንደር ውስጥ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በፒስተን ይጨመቃል፤ ከዚያ ካንዴላው እሳት ይሰጠዋል። የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት ከድብልቁ የተወሰነው ክፍል በሙቀትና በግፊት ብቻ በራሱ ከተቀጣጠለ ሞተሩ ብረት በብረት የተመታ ያህል ይንቋቋል። ኦክቴን ቤንዚኑ ይህን ያለጊዜው መቀጣጠል ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር ቁጥር ነው። የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ የንጽሕና መለኪያም አይደለም። ለ91 የተሠራ ሞተር 95 ቢጠጣ ፈረስ አይሆንም።

በከተማዋ ከሚታዩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ የጃፓን ሥሪት ናቸው። የጃፓን መደበኛ ቤንዚን በአገሪቱ የጥራት ደረጃ መሠረት ኦክቴኑ ከ89 እንዳያንስ፣ ፕሪሚየሙ ከ96 እንዳያንስ ይጠበቃል። ቪትዝና የተለመደችው ኮሮላ የተሠሩት ለመደበኛው ነው። ከአሜሪካ ዘመድ በሰጠው ምክር የሚሄዱም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ የአሜሪካ አቆጣጠር ሌላ ነው። እዚያ ማደያ ላይ 87 ተብሎ የሚጻፈው በጃፓንና በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ 91 ወይም 92 ይጠጋል። የአሜሪካው 91 ደግሞ የአውሮፓው 95 ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ መደንገጥም መዝናናትም የመጣው ከዚህ መምታታት ነው። ባለ ቱርቦ የአውሮፓ መኪና የያዘ ሰው ግን የነዳጅ ክዳኑን ከፍቶ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። 95 የሚል ከሆነ ሞተሩን በከባድ ጭነት አለማስጨነቅ የሱ ድርሻ ነው።

▪ ደጋው የዋለው ውለታ

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የቦታው ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። የስሜን ተራሮችን አቋርጦ በቧሂት በኩል የሚያልፈው መንገድ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ደባርቅ ላይ ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፤ ያለጊዜው የመቀጣጠል አደጋውም አብሮ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ቱርቦ የሌለው መኪና ደጋ ላይ የሚጠይቀው ኦክቴን ቆላ ላይ ከሚጠይቀው ያንሳል። በአሜሪካ ሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ግዛቶች ከሌላው ክፍል ያነሰ፣ በእነሱ አቆጣጠር 85 የሆነ ቤንዚን ለዘመናት ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ልማድ የመጣው ከካርብሬተር ዘመን ስለሆነ ለዘመናዊ ሞተር እንዳለ አይሠራም፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ «መኪናው ደከመ፣ ቤንዚኑ ነው» የሚል አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ የሚከሰው ንጹሑን ነው። የጠፋው አየር ነው። ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን የወሰደበት ተራራው ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ማርሽ መቀነስና ትዕግሥት እንጂ በጠርሙስ የሚሸጥ መጨመሪያ አይደለም።

ነገሩ የሚገለበጠው ቁልቁል ሲወረድ ነው። ከጎንደር በአይከል አድርጎ መተማ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለ ሙቀት ይገባል። በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርደውም ወደ ሙቀት ይገባል። አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ደባርቅ ላይ ድምፁ የማይሰማ ሞተር ከመተማ ተጭኖ ዳገቱን ሲጀምር ሊንቋቋ የሚችለው ያኔ ነው። የቤንዚኑ ጥራት ጉድለትም የሚጋለጠው እዚያው ነው።

▪ ሃይላንድ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በርካታ የጎንደር ቤተሰቦች ቤንዚን የሚገዙት ከማደያ ሳይሆን ከመንገድ ዳር ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በጀሪካን፣ አንዳንዴም ከጓዳ ወጥቶ። የክልሉ የጸጥታ ችግር መንገዶችን በየጊዜው ሲዘጋና ቦቴ ሲዘገይ የማደያው ሰልፍ ይረዝማል፤ የጠርሙሱ ዋጋም ይሰቀላል።

በዚህ ገበያ ገዢው የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ በብር፣ አንዴ በሞተሩ። ቤንዚን ላይ ኬሮሲን የጨመረ ሰው የኦክቴኑን ቁጥር ይጥለዋል፤ በዚህ ላይ ኬሮሲን በደንብ ስለማይነድ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ያልነደደው ወደ ሞተር ዘይቱ ሾልኮ ዘይቱን ያቀጥናል። ናፍጣ ከተቀላቀለ ጭሱና የካንዴላው መጥቆር ይብሳል። ውሃ ከገባ ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና ይገኛል፤ የቤንዚን ፓምፑና ፊልትሮው ይጎዳሉ። ምንም ባይቀላቀልበት እንኳ በደንብ ባልተከደነ ዕቃ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ ይሄዳል። ሞተር በብርድ የሚያስነሳው ይኸው ቀላሉ ክፍል ነው። የደባርቅንና የዳባትን ውርጭ የሚያውቅ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመኪናው ውጪ ያለው አደጋ ነው። ልጆች በሚተኙበት ቤት፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ጓዳ ጀሪካን ቤንዚን ማኖር የቤተሰብን ሕይወት በክብሪት ማስያዝ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳቱን ራሱ ይፈልገዋል።

▪ «ታዲያ ምን ይደረግ?»

ከዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። በሌሊት ታማሚ ሆስፒታል ማድረስ ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ቢቆም የዕለት ጉርሱን የሚያጣ ባለ ባጃጅ፣ ሊቀብር ገጠር የሚወጣ ቤተሰብ ጠርሙሱን ባይገዛ ምን ያድርግ? ከተማዋን ያንቀሳቀሳት የመንገድ ዳሩ ነጋዴ ነው የሚሉ አሉ። ሐቅ አለው። የቸገረውን ሰው በጥራት ስብከት መኮነን ፍትሕ አይደለም።

ነገር ግን በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከሰማይ አልወረደም። መንገድ ዳር የቆመው ልጅ ጅቡቲ ድረስ ሄዶ አላመጣውም። ወይ ከማደያ ቧንቧ ወጥቷል፣ ወይ ከቦቴ ወርዷል። ማለትም ሰልፈኛው «አለቀ» የተባለው ነዳጅ ራሱ ዞሮ በጠርሙስ ጠብቆታል። ጠርሙሱ እጥረቱን የሚያስታግስ ይመስላል እንጂ እጥረቱን ከሚያረዝሙት ምክንያቶች አንዱ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ሕገ ወጥ ሽያጭን በእስራትና በገንዘብ እንዲቀጣ ተደርጎ ወጥቷል። ከዚያ በፊት፣ ከ2015 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ፣ የነዳጅ ክፍያ በመላ አገሪቱ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ታዟል። ሕግም ቴክኖሎጂም አለ ማለት ነው። የጎደለው ሁለቱን በሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ መጠቀም ነው። አምስት ጠርሙስ የያዘ ወጣት ማሰር ቀላል ነው፤ አንድ ቦቴ ስንት ሊትር አራገፈ፣ ስንቱ በሰሌዳ ቁጥር ተሸጠ ብሎ ማመሳከር ግን ሥራ ይጠይቃል።

▪ ከማን ምን ይጠበቃል?

ከተማ አስተዳደሩና የንግድ መምሪያው ያለ ተጨማሪ በጀት የሚጀምሩት ነገር አለ። ቦቴ የገባበትን ቀን፣ ማደያውንና የሊትሩን መጠን በየዕለቱ ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። ሰልፉን በሰሌዳ ቁጥር ከፋፍሎ አስቀድሞ ማስታወቅ ሌላው ነው። ሰው ተራው ማክሰኞ መሆኑን በርግጠኝነት ካወቀ ሰኞ ጠርሙስ አይገዛም። ሰውን ወደ ጠርሙሱ የሚገፋው እጥረቱ ብቻ አይደለም፤ ተራ መቼ እንደሚደርስ አለማወቁም ጭምር ነው። አምቡላንስና ታማሚ የጫነ መኪና ሰልፍ የማይቆምበት አሠራርም የግድ ነው።

ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚጠበቀው ምርመራ ነው። ከማደያ ናሙና ወስዶ መፈተሽ፣ ውጤቱን በማደያው በር ላይ መለጠፍ። ምግብ ቤት በንጽሕናው እንደሚታወቅ ማደያም በቤንዚኑ ይታወቅ። ንጹሕ የሚሸጠው ይጠቀማል፤ የሚቀላቅለው ያፍራል።

የመኪናው ባለቤትም ድርሻ አለው። የግድ ከውጭ የገዛ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር ያድርግ። ቤንዚኑን ጥርት ባለ ጠርሙስ ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ ከታች የተለየ ውሃ ወይም ቆሻሻ መኖሩን ይይ። ከእሳት ርቆ ጥቂት ጠብታ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርግ፤ ደህና ቤንዚን ፈጥኖ ይተንና ዱካ አይተውም፤ ኬሮሲን ወይም ናፍጣ ያለበት የቅባት ምልክት ያስቀራል። ይህ ላቦራቶሪን አይተካም፤ ግልጽ የሆነውን ማጭበርበር ግን ያጋልጣል። ለመጨመሪያ ፈሳሽ የሚወጣው ብር ደግሞ ለፊልትሮና ለካንዴላ ቢውል ይሻላል።

ጉዳዩ ከመኪና ምቾት በላይ መሆኑን የሚያሳየው ጊዜው ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የቤንዚን ሊትር በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ደጋው ወረዳዎች በብዛት እስኪደርስ ድረስ ዛሬ ያለችው አሮጌ መኪና የቤተሰቡ ብቸኛ መኪና ናት። ሞተሯ ከተበላሸ ምትኳ ቅርብ አይደለም። ታማሚ፣ ተማሪ፣ እህል፣ ሙሽራ የሚጫነው በሷ ነው።

ስለዚህ ጎንደሬው «ስንት ቁጥር ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይተውና «ከየት መጣ? ማን መረመረው? ለምን ከማደያው በፊት ጠርሙሱ ጋ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መካኒክ ይበቃል። ለሌሎቹ መልስ መስጠት ያለበት አደራውን የተቀበለው ባለሥልጣን ነው።